ማኒያክ ኮፕ (ፊልም)

ማኒያክ ኮፕ («እብዱ ፖሊስ» እንደ ማለት ነው) እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣ የአሜሪካ አስፈሪ ፊልም ነው። ዳይሬክተሩ ዊሊያም ላስቲግ ሲሆን ድርሰቱን የጻፈው ላሪ ኮህን ነው። በጀቱ አነስተኛ ነበር።

ታሪኩ የሚፈጸመው በኒው ዮርክ ነው። አንዲት አስተናጋጅ ሌሊት ከዘራፊዎች አምልጣ ወደ አንድ ፖሊስ ትሮጣለች፤ የሚገድላት ግን እሱ ነው። በዘመኑ የነበሩ ብዙ መሰል ፊልሞች ገዳዩን ጭንብል ያለብሱታል፤ እዚህ ጭንብሉ የደንብ ልብሱ ነው።

መርማሪው ፍራንክ ማክሬ (ቶም አትኪንስ) ሕዝቡ እንዲጠነቀቅ ብሎ ገዳዩ ፖሊስ ሊሆን እንደሚችል ለጋዜጠኛ ይናገራል። ወሬው ሲሰማ ከተማው በፖሊስ ሁሉ ይሸበራል። መኪናዋ የተበላሸባት አንዲት ሴት ወደ እሷ የቀረበውን ንጹሕ ፖሊስ ተኩሳ ትገድላለች። ገዳዩ በቦታው የለም፤ የፊልሙ እጅግ አስፈሪ ትዕይንት ግን ምናልባት ይኸው ነው።

ጥርጣሬው ሚስቱ ተገድላ በተገኘችው ወጣት ፖሊስ በጃክ ፎረስት (ብሩስ ካምቤል) ላይ ይወድቃል። እውነተኛው ገዳይ በሲንግ ሲንግ እስር ቤት በእስረኞች ተወግቶ ሞተ የተባለው የቀድሞ ፖሊስ ማት ኮርዴል (ሮበርት ዝዳር) ነው። ማንነቱ ከታወቀ በኋላ የምርመራው ጉጉት ይቀንስና ፊልሙ ወደ ተለመደው ማሳደድ ይገባል። ሁለተኛው ክፍል እ.ኤ.አ. በ1990 ወጥቷል።