ተጨማሪ መረጃ፦ ፍላይቢን ምን ጣለው?

መቀመጫውን በኤክሰተር ያደረገው የብሪታኒያ ክልላዊ አየር መንገድ ፍላይቢ እ.ኤ.አ. በማርች 2020 ሥራ ሲያቆም ብዙዎች ጥፋቱን ለኮሮና ሰጡ። ወረርሽኙ ግን ያገኘው አስቀድሞ የተዳከመ ድርጅት ነበር። ፍላይቢ በ2010 አክሲዮኑን እያንዳንዱን በ295 ፔኒ ለገበያ አቀረበ፤ በዚያው ዓመትም በአውሮፓ ለመስፋፋት 35 ኢምብራየር 175 ጄቶች አዘዘ። ገበያው እንደታሰበው አላደገም። መንገደኛ ሲጎድል የትኬት ገቢ ይቀንሳል እንጂ የአውሮፕላን ዕዳና ኪራይ አይቀንስም። ክልላዊ በረራ ደግሞ በጥቂት መቀመጫ፣ በአጭር መንገድ የሚሠራ በመሆኑ ባዶ የቀረ ወንበር ጎልቶ ይጎዳዋል። ገንዘብ ሲያጥረው በ2013 በለንደኑ ጋትዊክ አየር ማረፊያ የነበረውን የመነሻና የማረፊያ ሰዓት መብት ለኢዚጄት አየር መንገድ በ20 ሚሊዮን ፓውንድ ለመሸጥ ተስማማ። እኔ ከሁሉ የከፋ የምለው ይህን ውሳኔ ነው፤ ለጊዜው ጉድለት ሲል ገቢ የሚያስገኝለትን የለንደን በር አሳልፎ ሰጠ። በ2019 እያንዳንዱ አክሲዮኑ በ1 ፔኒ ተገዛ።

ዋናው ጥፋተኛ የአየር መንገደኞች ግብር ነው የሚሉ አሉ። በእርግጥ በወቅቱ በአገር ውስጥ ደርሶ መልስ ጉዞ ላይ 26 ፓውንድ መክፈል ለርካሽ ትኬት ከባድ ሸክም ነበር፤ መንግሥትም ይህን ማየት ነበረበት። ሆኖም ግብሩ ከ1994 ጀምሮ የነበረ ስለሆነ ጄቶቹ ሲታዘዙ ሊሰላ የሚገባው ወጪ ነበር። ኮሮናም ብቻውን ጥፋተኛ አልነበረም፤ በ2022 በዚሁ ስም እንደገና መብረር የጀመረው ኩባንያም፣ በወረርሽኙ ምክንያት የተጣለው የጉዞ እገዳ ተነስቶ እያለ፣ በጃንዋሪ 2023 ተዘጋ።