ስለዚያ «የአንጎል ማዳበሪያ» እንክብል

ዛሬ ከሥራ የወጣሁት ተናድጄ ስለሆነ ፊደል ብገድፍ ይቅርታ። የምከታተለው አንድ ልጅ አለ (ፈቃዱን ጠይቄ ነው የምጽፈው)። የተሳፈረበት ሚኒባስ ተገልብጦ ለጥቂት ተርፏል። ከዚያ ወዲህ መሳፈሩ ቀርቶ የታክሲ በር ሲዘጋ ድምፁን ከሰማ ላብ ያጠምቀዋል። እባብ ያየ በልጥ በረየ። በአምስት ሳምንት ሥራ ግቢያችን ውስጥ የቆመ ሰርቪስ ጋቢና እስከ መቀመጥ ደርሶ ነበር። ከዚያ ሁለት ቀጠሮ አለፈ።

ዛሬ አንድ የላብራቶሪ ወረቀትና አንድ ብልቃጥ እንክብል ይዞ መጣ። «ዶክተር፣ ቢዲኤንኤፍህ ዝቅ ብሏል አሉኝ። ይሄን ከጨረስክ ፍርሃቱ ራሱ ይጠፋል ተባልኩ።» (ሳይኮሎጂስት ነኝ እንጂ ዶክተር አይደለሁም ማለት ካቆምኩ ቆየሁ።)

በቁጥር ላስቀምጠው፦

1. ቢዲኤንኤፍ የነርቭ ሴሎችን የሚያሳድግ ፕሮቲን ነው። እነ ባርድና ቶነን እ.ኤ.አ. በ1982 ከአሳማ አንጎል አጥርተው ያወጡት። ትዝታ እንዲጸና ያግዛል። እዚህ ድረስ ሻጮቹም ልክ ናቸው።

2. ማዳበሪያ ግን አረሙን ከጤፉ አይለይም። አይጥ አንድ ድምፅ እየሰማች እግሯን በኤሌክትሪክ ስትነዘር ድምፁን መፍራት ትማራለች፤ አንጎሏ ውስጥ ዋናው ቦታ አሚግዳላ ነው። እዚያ የቢዲኤንኤፍ መልእክት ከታገደ ፍርሃቱ በደንብ አይያዝም። ማለት፣ ፍርሃት ሲተከልም እሱ አለበት! እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ የፖርቶ ሪኮ ተመራማሪዎች ፍርሃቱን በተማሩ አይጦች ፊተኛ አንጎል ውስጥ፣ አንዲት ትንሽ ቦታ ላይ በቀጥታ ጨመሩት። ድምፁን ያለ ንዝረት ደጋግመው ሳያሰሟቸው በማግስቱ ፍርሃታቸው ቀነሰ። የመጀመሪያው ትዝታ ግን አልተፋቀም፤ መልሶ መቀስቀስ ተችሏል። ፕሮቲኑ ያው ነው፣ ቦታው ሲለወጥ ውጤቱ ይገለበጣል። «ጨምሩት» ብቻ ማለት ምን ማለት ነው?

3. የደም ምርመራው። ደሜ የሚፈላው እዚህ ጋ ነው። በደም ውስጥ ያለው ቢዲኤንኤፍ አብዛኛው የተከማቸው ፕላትሌት ውስጥ ነው። ደሙ ቱቦ ውስጥ ሲረጋ ፕላትሌቶቹ ይለቁታል። ስለዚህ ከረጋ ደም በሚወጣው ሴረም ሲለካ ቁጥሩ ከፍ ይላል፣ ካልረጋ ደም በሚወጣው ፕላዝማ ሲለካ በብዙ ይወርዳል። ናሙናው ሴንትሪፊዩጅ ከመግባቱ በፊት ስንት ደቂቃ እንደቆመ ራሱ ቁጥሩን ይቀይረዋል።

የልጁን ወረቀት ፊትና ጀርባውን አየሁት። ሴረም ይሁን ፕላዝማ አይልም። ደሙ የተቀዳበት ሰዓት የለም። አንድ ቁጥርና አጠገቧ ወደ ታች የምታመለክት ቀይ ቀስት፣ አለቀ። በዚህች ቀስት ነው አሚግዳላው ውስጥ ያለውን የነገሩት! እኛ ጋ ያሉት የላብራቶሪ ልጆች ለተራ ፖታሲየም እንኳ «ናሙናው ዘግይቷል፣ ድገሙ» ብለው ይመልሱብናል። ያኔ እንበሳጭባቸዋለን፤ ዛሬ ግን ሄጄ ላመሰግናቸው ዳድቶኝ ነበር።

4. እንክብሉ... ቁጥሩን ተዉት። ፕሮቲኑን ቢውጡት ጨጓራ እንደ ማንኛውም ሥጋ ይፈጨዋል። በመርፌም ተሞክሯል፦ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ኤኤልኤስ ለተባለው የነርቭ በሽታ ሕመምተኞች ከቆዳ ሥር ተሰጥቶ የተጠበቀውን ውጤት አላመጣም። በ«አነቃቂ» ስም የሚሸጠው ደግሞ ልጁን የወር ደሞዙን ሲሶ አስወጥቶታል።

ሻጩን ብቻ ግን ምን አደርገዋለሁ? ሁለቱ ቀጠሮዎች የቀሩት በእኛው ነው። ቀጣዩ ደረጃ የሚሄድ ታክሲ ነበር። ከታካሚ ጋር ከግቢ ለመውጣት ደብዳቤ ያስፈልጋል፣ ደብዳቤው ሦስት ፊርማ፣ ሦስተኛው ፈራሚ ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ነው። «ታካሚ ይዞ ታክሲ መሳፈር ምን ዓይነት ሕክምና ነው?» የተባልኩትም እዚያው ኮሪደር ላይ ነው። ሕክምናው እኮ እሱ ነው! በሩ ተዘግቶ፣ ረዳቱ ጮኾ፣ ልቡ ደልቃ፣ ከዚያ ምንም ሳይሆን ሲወርድ አንጎሉ በአሮጌው ትዝታ ላይ ሌላ ትምህርት ይደርባል። ቢዲኤንኤፍም የሚለቀቀው ነርቮቹ ሥራ ላይ ሲሆኑ ነው። ይሄን በማመልከቻው ላይ ጽፌዋለሁ፤ «አጭር ይሁን» ተብሎ ተመለሰ።

ልጁን አልተቆጣሁትም። ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ፣ ብልቃጡን ጠረጴዛዬ ላይ ትቶት ሄደ። ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት መገናኛ ታክሲ ተራ ተቀጣጥረናል፤ ለአንድ ፌርማታ ብቻ። ሦስተኛው ፊርማ ከተገኘ።