የበሬ ሥጋ ሳቴ በኦቾሎኒ ስጎ

የበሬ ሥጋ ሳቴ (ሳታይ ተብሎም ይጻፋል) በስሱ የተቆረጠ የበሬ ሥጋ በቅመም ተዘፍዝፎ፣ በቀርከሃ ስንጥር ተሰክቶና በከሰል ፍም ተጠብሶ ከኦቾሎኒ ስጎ ጋር የሚቀርብ የደቡብ ምሥራቅ እስያ ምግብ ነው። መነሻው በኢንዶኔዥያ የምትገኘው የጃቫ ደሴት ናት። የታይላንዱ አሠራር የሚለየው ስጎው በኮኮናት ወተትና በቀይ በርበሬ ድልህ ስለሚሠራ ነው። ከዚህ በታች የቀረበው የታይላንዱ ዓይነት ሲሆን፣ በአዲስ አበባ፣ በተለይም በካዛንቺስና በቀረው የቂርቆስ ክፍለ ከተማ አካባቢ በሚገኝ ሥጋ፣ ቅመምና ምድጃ በቤት ውስጥ እንዴት እንደሚዘጋጅ ያስረዳል።

አመጣጥ

ሥጋን በስንጥር ሰክቶ መጥበስ ወደ ጃቫ የገባው ከሕንድና ከዓረብ አገር በመጡ ነጋዴዎች ከባብ አማካይነት እንደሆነ ይታመናል። ሳቴ በዛሬው መልኩ በጃቫ የመንገድ ላይ ሻጮች ዘንድ የታወቀው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሲሆን፣ ከዚያ ወደ ማሌዥያ፣ ሲንጋፖርና ታይላንድ ተዛምቷል። ኦቾሎኒ ግን የእስያ ተወላጅ አይደለም። ትውልዱ ደቡብ አሜሪካ ነው፤ ወደ እስያና ወደ አፍሪካ ያደረሱት የፖርቱጋልና የስፔን መርከቦች ናቸው።

በታይላንድ በብዛት የሚሸጠው የአሳማና የዶሮ ሳቴ ነው። በኢትዮጵያ የኦርቶዶክስ ክርስቲያኖችም ሙስሊሞችም አሳማ ስለማይበሉ የበሬ ሥጋው ተመራጭ ይሆናል። አፍሪካም የምግቡ ዘመዶች አሏት። በሰሜን ናይጄሪያ የሐውሳ ሕዝብ የሚሠራው ሱያ በተፈጨ ኦቾሎኒና በበርበሬ የተለወሰ የበሬ ሥጋ ሲሆን፣ በኬንያና በታንዛንያ የባሕር ዳርቻ ደግሞ ሚሽካኪ አለ። ሱያ ከሳቴ ጋር በጣም ይቀራረባል፤ ልዩነቱ ኦቾሎኒው ስጎ ሳይሆን ደረቅ ዱቄት መሆኑ ነው።

ካዛንቺስና ሥጋ

ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው በጣልያን ወረራ ዘመን (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.) ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው የጣልያን ድርጅት ስም አህጽሮት ነው፤ «ካዛ ኢንቺስ» ማለት የዚያ ድርጅት ቤቶች ማለት ነው። በኋላ የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በአጠገቡ ሲከተምና የአፍሪካ አዳራሽ በ1953 ዓ.ም. ሲመረቅ ሰፈሩ የሆቴል፣ የቢሮና የእንግዳ ሰፈር ሆነ። ከዚህ ጎን ለጎን የሚታወቀው በሥጋ ቤቶቹ ነበር። ተመጋቢው ከተሰቀለው ሥጋ ራሱ መርጦ በኪሎ ያስመዝናል፤ ከዚያ ወይ ቁርጡን ይበላል፣ ወይ ጥብስ ያዛል።

በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ሥራ ሳቢያ የሰፈሩ ብዙ ክፍል ፈርሶ ነዋሪዎቹ ገላን ጉራን ወደመሳሰሉ ቦታዎች ተዛውረዋል። ይህ ለምግብ አሠራርም ትርጉም አለው። በቀበሌ ቤት ግቢ ከሰል አቀጣጥሎ ሥጋ መጥበስ የዘወትር ነገር ነበር፤ በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ግን ያው ሥራ የአየር መውጫን ጉዳይ ያስነሳል። ከታች ስለ እሳት የተጻፈው በዚህ ምክንያት ረዘም ብሏል።

ሥጋውን መምረጥና መቁረጥ

ለሳቴ የሚስማማው ጭቅና ወይም ሽንጥ ነው። ጭቅና ለስላሳ ቢሆንም ውድ ነው፤ ሽንጥ በቂ ነው። ሻኛና ፍሪምባ ጮማ ስለሚበዛባቸው፣ ስቡም ፍሙ ላይ እየተንጠባጠበ ነበልባል ስለሚያስነሳ አይመከሩም። አንድ ኪሎ ቀይ ሥጋ ወደ 30 ስንጥር ይወጣዋል፤ ለአምስት ወይም ለስድስት ሰው ይበቃል።

አዲስ አበባ ላይ ሳቴ የሚሠራ ሰው ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ። የውጭ አገር የምግብ መጻሕፍት የሚያስቡት በማቀዝቀዣ ብዙ ቀን የቆየ ሥጋ ነው። በከተማችን ሥጋ ቤቶች ግን ሥጋ በአብዛኛው የሚሸጠው በታረደበት ቀን ወይም በማግሥቱ ነው። ከብት ከታረደ በኋላ ባሉት ሰዓታት ጡንቻው ይገትራል፤ የሚላላው በውስጡ ያሉት ኢንዛይሞች በቀናት ውስጥ ክሮቹን ሲያፈርሱ ነው። ለቁርጥ ይህ ትኩስነት የሚፈለግ ነው፤ ለሳቴ ግን ሥጋውን ያጠነክረዋል። መፍትሔው ሥጋውን ተሸፍኖ ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን በማቀዝቀዣ ማቆየት፣ አለዚያም መዘፍዘፊያው ላይ ዝንጅብል ማብዛት ነው፤ ጥሬ ዝንጅብል ፕሮቲን የሚያፈርስ ኢንዛይም አለው። ያልበሰለ ፓፓያም ይሠራል። ከሁለት ሰዓት በላይ ከቆየ ግን የሥጋውን ላይ ሙጫ ያስመስለዋል።

ሥጋው 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት፣ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ውፍረትና የጣት ርዝመት ኖሮት ይቆረጣል። ዝልዝል ማውጣት የሚያውቅ ሥጋ ሻጭ ሥራውን በደቂቃዎች ይጨርሰዋል። ነገር ግን የቋንጣ ዝልዝል የሥጋውን ክር ተከትሎ ሊወጣ ስለሚችል፣ ክሩን አቋርጦ እንዲቆርጠው አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል። ክሩን ተከትሎ የተቆረጠ ሥጋ ሲጠበስ እንደ ገመድ ይሆናል።

እንግዳ ለሚጠራ ሰው ደግሞ ሥጋው ከየት እንደተገዛ መታወቅ አለበት። በኢትዮጵያ የክርስቲያንና የሙስሊም ሥጋ ቤት የተለያየ ነው፤ በበራቸው ላይ ባለው መስቀል ወይም ጨረቃም ይለያሉ። ስንጥር ላይ ተሰክቶ በቅመም የተለወሰ ሥጋ ከየትኛው እንደመጣ በዓይን አይለይምና፣ ጥያቄው በማዕድ ላይ ሳይሆን ከመግዛት በፊት ቢነሳ ይሻላል።

ቅመሞቹና ምትኮቻቸው

ብዙዎቹ የታይላንድ ቅመሞች በሌላ ስም አገር ውስጥ አሉ። የምግቡን ሽታ የሚሰጠው የሎሚ ሣር በብዙ የአዲስ አበባ ግቢዎች የሚበቅለው ጠጅ ሣር ነው። ለቡና ሥርዓት ከሚጎዘጎዘው ቄጠማ ጋር መምታታት የለበትም። የሚፈለገው የግንዱ ነጭ ታችኛ ክፍል ነው፤ ቅጠሉ ለሻይ ይሆናል። ጎምዛዛነት የሚሰጠው ታማሪንድ በአማርኛ ሑመር ይባላል፤ ከጠፋ ሎሚ ይተካዋል። እርድና ድንብላል በየቅመም መደብሩ አሉ። ከሙን ሲገዛ ነጭ አዝሙድ እንዳይሰጥ መጠንቀቅ ይገባል፤ ሁለቱ ቢመሳሰሉም የነጭ አዝሙድ ሽታ የተለየና ኃይለኛ ነው።

ለቀዩ ድልህ የተዘጋጀ በርበሬ ባይገባ ይመረጣል። ኮረሪማውና ሌላው ቅመሙ የኦቾሎኒውን ጣዕም ስለሚውጠው የሚወጣው ሌላ ወጥ ነው። የሚሻለው ፍሬው የወጣለት ዛላ በርበሬ በሙቅ ውኃ ተዘፍዝፎ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከቀይ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብልና ከጠጅ ሣር ጋር በሙቀጫ መውቀጥ ነው። በቀላሉ የማይተካው የኮኮናት ወተት ነው። በጣሳ ተሞልቶ ከውጭ ይመጣል፤ በትልልቅ ሱፐርማርኬቶች ይሸጣል። አንድ የ400 ሚሊ ሊትር ጣሳ ለአንድ ኪሎ ሥጋ ይበቃል፤ ሩቡ ለመዘፍዘፊያ፣ የቀረው ለስጎ። የታይላንድ የዓሣ ስጎ ካልተገኘ ጨው ይበቃል።

ኦቾሎኒ

በአዲስ አበባ ኦቾሎኒ ለውዝ ተብሎም ይጠራል፤ የታሸገውም ቅባት «የለውዝ ቅቤ» ይባላል። በትክክለኛ ትርጉሙ ለውዝ የዛፍ ፍሬ ሲሆን፣ ኦቾሎኒ ግን ከባቄላና ከአተር ቤተሰብ የሆነና ፍሬውን ከአፈር በታች የሚያፈራ ተክል ነው። በኢትዮጵያ በኦቾሎኒዋ የምትታወቀው ከሐረር ወደ ጅግጅጋ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ባቢሌ ናት። በከተማው የቆሎ ሻጮች ቆልተው በስኒ እየሰፈሩ የሚሸጡት ኦቾሎኒ ለስጎው ያገለግላል፤ ጨው ያልነካው ከሆነ ደግሞ የተሻለ ነው።

ከኦቾሎኒ ጋር ሁለት አደጋዎች ይያያዛሉ። የመጀመሪያው አፍላቶክሲን ነው። ይህ መርዝ የሚመነጨው አስፐርጂለስ ፍላቩስ ከተባለው ሻጋታ ሲሆን፣ ሻጋታው የሚያድገው በሚገባ ሳይደርቅ በተከማቸ ፍሬ ላይ ነው። መርዙ የታወቀው በ1960 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ከ100,000 በላይ የፈረንጅ ዶሮዎች (ተርኪ) የተበከለ የኦቾሎኒ መኖ በልተው ካለቁ በኋላ ነው። በሰው ላይ የጉበት ካንሰር እንደሚያመጣ ተረጋግጧል። በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከባቢሌ፣ ከፈዲስ፣ ከጉርሱምና ከዳሮ ለቡ ከተሰበሰቡ 120 የኦቾሎኒ ናሙናዎች በ93ቱ ላይ አፍላቶክሲን አግኝቷል፤ መጠኑም በኪሎ ግራም ከ15 እስከ 11,900 ማይክሮግራም ነበር። የአውሮፓ ኅብረት ለቀጥታ ምግብ ለሚውል ኦቾሎኒ የሚፈቅደው 4 ማይክሮግራም ነው።

መቁላት መርዙን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ስለዚህ ጥሬውን ገዝቶ መልቀም ከተቆላው ይመረጣል። የተጨማደደ፣ የጠቆረ፣ አረንጓዴ ብናኝ ያለበትና መራራ ፍሬ ይጣላል። መርዙ የሚከማቸው በጥቂት የተበላሹ ፍሬዎች ላይ ስለሆነ ለቀማው ብዙ ይጠቅማል። ተፈጭቶ የተሸጠን ኦቾሎኒ መልቀም ግን አይቻልም።

ሁለተኛው አለርጂ ነው። ለኦቾሎኒ አለርጂ ያለበት ሰው ጥቂት ስጎ ቀምሶ ትንፋሹ ሊዘጋ ይችላል። በአንድ ሳህን የመብላት ልማድ ባለበት አገር ስጎውን በመሀል አስቀምጦ ዝም ማለት አይገባም፤ ለእንግዳ መንገርና በየሰዉ በትንንሽ ሳህን ማቅረብ ይበጃል።

አሠራር

መዘፍዘፊያው፦ 100 ሚሊ ሊትር የኮኮናት ወተት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ድንብላል፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ከሙን፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ እርድ፣ የተወቀጠ የሁለት ጠጅ ሣር ግንድ፣ ሦስት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ አውራ ጣት የሚያህል ዝንጅብል፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳርና አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ጨው። ሥጋው በዚህ ታሽቶ ቢያንስ ለሁለት ሰዓት በማቀዝቀዣ ይቀመጣል፤ ቢያድር ይሻላል። ስንጥሮቹ እንዳይቃጠሉ ግማሽ ሰዓት ውኃ ውስጥ ይነከራሉ። ሥጋው ሲሰካ ስንጥሩን እያቋረጠ እንደ ስፌት ይገባል፤ ከላይ ብቻ የተወጋ ሥጋ ሲገለበጥ ይሽከረከራል።

ለስጎው 200 ግራም ኦቾሎኒ ተቆልቶ፣ ገለባው በሰፌድ ተበጥሮ፣ ጥቂት ጉርብጥብጥነት እንዲቀርለት ሆኖ ይወቀጣል። ከጣሳው የቀረው የኮኮናት ወተት ሳይበጠበጥ፣ ከላይ የረጋው ወፍራም ክፍል ብቻ በድስት ይሞቃል። ዘይቱ ጠርዝ ላይ ሲታይ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ድልህ ገብቶ ሽታው እስኪለወጥ ይቁላላል። ከዚያ ኦቾሎኒው፣ ቀጭኑ የኮኮናት ወተት፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የሑመር ጭማቂና ጨው ይጨመራል። በአዲስ አበባ ከፍታ (ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ) ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ፣ የውጭ መጽሐፍ አሥር ደቂቃ ካለ አሥራ አምስት መጠበቅ ያስፈልጋል። ኦቾሎኒ ከድስት በታች ቶሎ ይይዛል፤ እሳቱ ለዘብ ብሎ ማማሰሉ አይቋረጥም። ስጎው ሲቀዘቅዝ ስለሚጠጥር ከሽሮ ቀጠን እንዳለ ይወርዳል።

ጥብሱ ፈጣን ነው። ከሰሉ ነጭ አመድ እስኪለብስ ይጠበቃል፤ ነበልባል ካለ ስኳሩ ያርና ሥጋው ውስጡ ጥሬ ይቀራል። ለዚህ መጠን ላቀች የተባለው ክብ ምድጃ በቂ ነው፤ የስንጥሮቹ ጫፍ ከአፉ ውጭ እንዲቀር ይደረጋል። በየወገኑ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ይጠበሳል። በታይላንድ ሻጮች የጠጅ ሣሩን ጫፍ ቀጥቅጠው እንደ ብሩሽ በመጠቀም የኮኮናት ወተት ይቀቡታል። ጥሬ ሥጋ የተዘፈዘፈበት ቅመም ግን ለዚህ አይውልም። ሥጋው ውስጡ ቀይ እስከማይሆን መብሰል አለበት፤ ኮሶ የሚያመጣው ትል እጭ ከጥሬና ከለብ ለብ ሥጋ ይተላለፋል።

ከሰል በተዘጋ ክፍል፣ በተዘጋ በረንዳም ቢሆን፣ አይነድም። የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ጭሱ ጠፍቶ ፍሙ ብቻ ሲቀርም መመንጨቱን አያቆምም። ምግቡ ካለቀ በኋላ ፍሙን ቤቱ እንዲሞቅ ብሎ ወደ ውስጥ ማስገባት ሰው ገድሏል። ውጭ መጥበሻ የሌለው ቤት ስንጥሮቹን በኤሌክትሪክ ኦቭን የላይኛ ሙቀት ወይም በጋለ የብረት ምጣድ ቢሠራቸው የጭሱን ሽታ ብቻ ያጣል።

አቀራረብ

ሳቴ በታይላንድ አጃት ከሚባል ሰላጣ ጋር ይቀርባል። ኪያር፣ ቀይ ሽንኩርትና ቃሪያ በስሱ ተከትፈው፣ ከስኳርና ከጨው ጋር ፈልቶ በቀዘቀዘ አቼቶ ይዘፈዘፋሉ። የስጎውን ከባድነት ስለሚቆርጠው ባይዘለል ይመረጣል። የተጠበሰ ዳቦም አብሮ ይቀርባል፤ ፉርኖ ዳቦ ለዚህ ልክ ነው። በእንጀራም ይበላል፤ ሆኖም የእንጀራው ኮምጣጣነት ሲጨመርበት የሑመሩ መጠን ቢቀነስ ይሻላል።

በረቡዕ፣ በዓርብና በሌሎች አጽዋማት ሥጋው ይቀራል። ስጎው ግን የዓሣ ስጎ ካልገባበት ከእንስሳ የተገኘ ነገር ስለሌለው የጾም ነው፤ ከተቀቀለ ድንች፣ ከጎመን ወይም ከሩዝ ጋር ይሄዳል። በማቀዝቀዣ አራት ቀን ያህል ይቆያል፤ ሲሞቅ ጥቂት ውኃ ይጨመርበታል።