በፈንጂ የሚበየድ ብረት፦ ገዢው የሚከፍለው ለመጋጠሚያው ነው

የአሜሪካን የ25 ሳንቲም ገንዘብ ጠርዙን ያየ ሰው ቀላ ያለ መስመር ያገኝበታል። መሐሉ መዳብ፣ ሁለቱ ፊቶቹ የመዳብና የኒኬል ቅይጥ ናቸው። አገሪቱ የብር ማዕድን ስላጠራት እ.ኤ.አ. በ1965 ባወጣችው ሕግ ከ10 እና ከ25 ሳንቲሞቿ ላይ ብሩን አስወጣች። በዚያን ጊዜ ዱፖንት የተባለው የኬሚካል ኩባንያ ለሳንቲሙ የሚሆነውን ድርብ ብረት በፈንጂ እያጣበቀ አቅርቧል። የአሠራሩን ፓተንት ያገኘው ከአንድ ዓመት በፊት በ1964 ነበር።

የንግዱ ስሌት ቀላል ነው። ቲታኒየም አሲድ ይችላል፤ ዋጋው ግን አይቀመስም። የኬሚካል ፋብሪካ ጋን በሙሉ ቲታኒየም ከሚሆን፣ ጥቂት ሚሊሜትር ቲታኒየም በወፍራም ብረት ላይ ቢለብስ ወጪው በእጅጉ ይቀንሳል። ችግሩ ማያያዙ ላይ ነው። ቲታኒየምና ብረት በተለመደው ብየዳ አብረው ከቀለጡ መጋጠሚያው እንደ ሸክላ ይሰነጠቃል። አልሙኒየም ደግሞ በ660 ዲግሪ ሲቀልጥ ብረት 1,500 ያህል ይፈልጋል።

ሳይቀልጡ መጣበቅ

በፈንጂ ብየዳ ስሱ ላሜራ ከወፍራሙ በላይ በትንሽ ክፍተት ይቀመጥና ፈንጂ ይለብሳል። ፈንጂው ከአንድ ጫፍ ሲለኮስ ስሱ ላሜራ በሰከንድ በመቶዎች በሚቆጠር ሜትር ፍጥነት እየታጠፈ ከታችኛው ጋር ይላተማል። ከግጭቱ ፊት ፊት የሚወረወር ቀጭን የብረት ፍንጣቂ የላይኛውን ቆሻሻና ኦክሳይድ ጠርጎ ይወስዳል። የጸዱት ገጾች በከባድ ግፊት ተጫጭነው ይያያዛሉ። ሥራው ዓይን እስኪጠቀስ ያልቃል።

መጋጠሚያው ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ብዙውን ጊዜ እንደ ባሕር ሞገድ የተጠማዘዘ መስመር ነው። ሆኖም ሞገድ ስለታየ ብቻ ዕቃው ጥሩ ነው ማለት አይደለም። ግጭቱ ሲደክም ብረቶቹ አይያያዙም። ሲበረታ ደግሞ ሞገዱ ይገዝፋል፤ በየሞገዱ ጥግ የቀለጠ ብረት ይጠራቀማል። እዚያ የሁለቱ ብረቶች ውህድ ይፈጠራል፤ ጠንካራ ቢሆንም ተሰባሪ ነው። ሁለት ደጋግ ወላጆች የወለዱት ክፉ ልጅ እንደማለት ነው። በአልሙኒየምና በብረት መካከል ይህ ውህድ ከ10 ማይክሮን ያህል ካለፈ መጋጠሚያው ለስብራት ይጋለጣል። የሰው ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮን ያህል መሆኑን ላሰበ፣ ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበት ላሜራ ዕጣው የተንጠለጠለው ከፀጉር በሚያንስ ነገር ላይ ነው።

ምርመራው ምን ይነግራል?

አቅራቢዎች ብዙውን ጊዜ የሚያሳዩት የአልትራሳውንድ ምርመራ ውጤት ነው። ምርመራው ያልተያያዘውን ቦታ ለይቶ ያወጣል፤ በደንብ ተያይዞ ውስጡ ተሰባሪ የሆነውን ግን ሊያልፈው ይችላል። ስለዚህ ናሙና ተቆርጦ ሁለቱን ብረቶች በጎን ገፍቶ የማላቀቅ ሙከራ ይደረጋል። ኤ 264 የተባለው የአሜሪካ መለኪያ ስቴንለስ ለለበሰ ብረት ቢያንስ 140 ሜጋፓስካል ይጠይቃል፤ ይህም በአንድ ካሬ ሚሊሜትር 14 ኪሎ ግራም ያህል ጫና ነው።

ዕቃው ከተረከበም በኋላ ጉዳዩ አያበቃም። በመርከብ ላይ የአልሙኒየሙን ክፍል ከብረቱ አካል የሚያገናኘው ድርብ ቁራጭ በብየዳ ጊዜ መጋጠሚያው ከ300 ዲግሪ ያህል እንዳያልፍ ይጠበቃል። በያጁ ቸኩሎ ካጋለው ውህዱ ይወፍራል፤ ደህናው ዕቃ ገዢው እጅ ላይ ይበላሻል።

ሥራው ራሱም ገበያ ወጥቶ ተሸጧል። ዱፖንት የፈንጂ ብየዳ ክፍሉን በ1996 ለኮሎራዶው ዳይናሚክ ማቴሪያልስ ሸጠ፤ ገዢው በ2001 የፈረንሳዩን ኖቤልክላድ ጨመረበት። ፈንጂን በመግነጢስ ኃይል የተካው ስልትም መዳብን ከአልሙኒየም ያጣብቃል። የግጭቱ ሕግ ግን ያው በመሆኑ የገዢው ጥያቄም አይለወጥም።

ስለዚህ ስፋት፣ ውፍረትና ዋጋ ብቻ የተጻፈበት ፕሮፎርማ ግማሽ ፕሮፎርማ ነው። ኤል ሲ ከመከፈቱ በፊት ሦስት ወረቀት መጠየቅ ያዋጣል፦ የአልትራሳውንዱን ውጤት፣ የማላቀቅ ሙከራውን ቁጥር፣ እና ከዚያው ላሜራ ተቆርጦ የተነሳውን የመጋጠሚያ ፎቶግራፍ። በብዛት የሚቀረው ሦስተኛው ነው።