ልብስ ሰፊ የሚያነበው ጌጥ

የድሮ ፓተንት ሥዕሎች አጉልተው ታትመው፣ በፍሬም ገብተው የካፌና የቢሮ ግድግዳ ጌጥ ከሆኑ ሰነባብተዋል። ይህ ጌጥ በምዕራብ ሐረርጌ ላሉት ለጭሮ፣ ለሂርናና ለገለምሶ ልብስ ሰፊዎች ከሌላው ተመልካች የበለጠ የሚነግራቸው ነገር አለ።

ሥዕሎቹ ሲሠሩ ለግድግዳ አልታሰቡም። ፓተንት ውል ነው፤ መንግሥት ለተወሰነ ዘመን ብቸኛ መብት ይሰጣል፣ ፈጣሪውም በምትኩ ሙያውን የሚያውቅ ሰው አይቶ ሊሠራው እስኪችል ድረስ ምስጢሩን ይገልጣል። መስመሩ በጥቁር ቀለም ጥርት ብሎ የሚሰመረው፣ በየክፍሉም ፊደል ወይም ቁጥር የሚጻፈው ለዚህ ነው። ዛሬ ዓይን የሚስበውም ይኸው ጥራት ነው።

ሁለት የአሜሪካ ሥዕሎችን ጎን ለጎን እንያቸው። ኤልያስ ሃው እ.ኤ.አ. በ1846 በቁጥር 4750 ያስመዘገበው የስፌት መኪና መርፌው ቆልመም ያለ ነው፤ ወደ ጎን እየሄደ ይወጋል። ጨርቁ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ጥርስ ባለው ብረት ተይዞ ይሄዳል። ስለዚህ የሚሰፋው ቀጥታ ብቻ ነው፤ የአንገት ዙሪያ አይሆንለትም። አይዛክ ሲንገር እ.ኤ.አ. በ1851 በቁጥር 8294 ባስመዘገበው ላይ ግን ጨርቁ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል፤ ቀጥ ያለ መርፌ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። ጭሮ በረንዳ ላይ ሲንገር መኪናውን የሚረግጥ ሰፊ እንግሊዝኛውን ባያነብም የትኛው ሥዕል የእሱ መኪና አያት እንደሆነ ወዲያው ይለያል።

አሳትሞ መስቀልስ ይፈቀዳል? የሁለቱም ፓተንት ዘመን ካበቃ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። በአገራችንም በአዋጅ ቁጥር 123/1987 መሠረት ፓተንት የሚጸናው 15 ዓመት ነው፤ ፈጠራው አገር ውስጥ በሥራ ላይ ከዋለ 5 ዓመት ሊጨመርለት ይችላል። የንግድ ምልክት ግን እየታደሰ ይኖራል። የምዕራብ ሐረርጌ ገበሬ ቡና የሚሸጥበት «ሐረር» የሚለው ስም የዚህ ምሳሌ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ኢትዮጵያና የቡና ኩባንያው ስታርባክስ የተስማሙት በዚሁ ስም፣ በሲዳሞና በይርጋጨፌ ላይ ነበር። ስለዚህ የጥንቱን የመኪና ሥዕል አትሞ መሸጥ አንድ ነገር ነው፤ የሲንገር ኩባንያን የዛሬ አርማ አብሮ ማተም ሌላ።

አታሚው ሥዕሉን ለማሳመር ብሎ ፊደሎቹንና ቁጥሮቹን ባይቆርጣቸው ይሻላል። ለማጅ ልብስ ሰፊ ጣቱን ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው እያስኬደ ክሩ የት እንደሚገባ የሚከተለው በእነሱ ነው።