ሞተ የተባለው ባትሪ

ትንፋሹ ለተቋረጠ ፍጡር የሚነገረው «ሞተ» የሚለው ግስ፣ ኤሌክትሪክ ወደ ኑሯችን ከገባ ወዲህ ለባትሪም ተሰጥቶ፣ በሰባተኛ ሰፈር የኤሌክትሪክ ብስክሌቱን እየገፋ ወደ ጠጋኝ ደጃፍ የሚደርስ ወጣት ችግሩን ሲናገር የሚጀምረው በዚሁ ቃል ነው። ነገር ግን ይህ ከምርመራ አስቀድሞ የተሰጠ ፍርድ ነው፤ ሞተ የተባለው ባትሪ ብዙ ጊዜ ኃይሉ በውስጡ ሳለ መውጫው የተዘጋበት ሆኖ ይገኛልና። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ነገር ሁሉ ለከተማው ባይተዋር መሆኑ እየቀረ ስለ ሄደ፣ የዚህን ሣጥን ባሕርይ ማወቅ ለባለቤቱም ለጠጋኙም የሚገባ ዕውቀት ሆኗል።

ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ እ.ኤ.አ. በ1859 የሠራው የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ዛሬም በርካሾቹ ብስክሌቶች ላይ ይገኛል፤ የሊቲየሙ ግን እ.ኤ.አ. በ1991 በሶኒ ኩባንያ ለገበያ የቀረበ ሲሆን፣ ለጥበቡ መሠረት የጣሉት ጉድኢናፍ፣ ዊቲንግሃምና ዮሺኖ እ.ኤ.አ. በ2019 የኖቤልን ሽልማት ተቀብለውበታል። ባለ 48 ቮልት የሚባለው የሊቲየም ሣጥን ሲከፈት፣ እያንዳንዳቸው ብዙውን ጊዜ 18 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 65 ሚሊ ሜትር ቁመት ያላቸው ሕዋሳት፣ በገበያው ቃል ሴሎች፣ በ13 ጭፍራ ተከፍለው ተደርድረው ይታያሉ። አንዱ ጭፍራ ሲሞላ 4.2 ቮልት፣ ሁሉም ባንድነት 54.6 ቮልት ይሰጣሉ። ከበላያቸው ቢኤምኤስ የሚባል ሰሌዳ እንደ ዘበኛ ተቀምጦ፣ ድምሩን ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱን ጭፍራ ለየብቻ እየጠበቀ፣ ከመካከላቸው አንዱ እንኳ ከልክ በታች የወረደ እንደ ሆነ የኃይሉን መውጫ ይዘጋል።

ባንድ ከሰዓት በኋላ አንድ ዕቃ አመላላሽ ወጣት ባትሪውን በሁለት እጁ ታቅፎ ገብቶ፣ «ጋሼ፣ ወር ያህል ክፍለ ሀገር ቆይቼ ብመጣ ጨርሶ እምቢ አለኝ፤ ሞቷል መሰለኝ» ሲል፣ ፀጉራቸው የሸበተው ባለ ሱቅ ካቻቢቴያቸውን ከማንሣታቸው በፊት «ቆይ ልጄ፣ መጀመሪያ ቻርጀሩን አምጣው» አሉት። ይህን ቅደም ተከተል አደንቃለሁ፤ ጥፋቱ ከሣጥኑ ውጭ ሳለ ሣጥኑን መክፈት ደኅናውን አካል በከንቱ መቅደድ ነውና። የቻርጀሩን ጫፍ በቴስተር ቢለኩት 54.6 ሰጠ፤ ባትሪው ላይ ሲሰኩት ግን ቀይ ማብራት ሲገባው ወዲያው አረንጓዴ አበራ፤ ይህም ኃይሉ ወደ ውስጥ እንዳልገባ ይናገራል። ከባትሪው መውጫ ላይ ቴስተሩ ዜሮ አሳየ። ፊውዙ ደኅና ነበር።

ከዚህ በኋላ ብሎኖቹ ተፈቱ፤ ቀለበታቸውንም ከጣታቸው አውልቀው ወደ ኪሳቸው ከተቱ፤ የጠፋ የሚመስለው ሣጥን ብረት ካገናኘው ጣትን የሚያቃጥል ኃይል አለው። ከዘበኛው ሰሌዳ ጀርባ፣ በቀጥታ ከሴሎቹ ጫፍ ሲለኩ 46.8 ቮልት ተገኘ። ይህን ቍጥር ብቻ ያየ ሰው ሕዋሳቱን ሁሉ ደኅና ናቸው ብሎ ሰሌዳውን በከሰሰ ነበር። እርሳቸው ግን ወደ ሰሌዳው የሚሄዱትን ቀጫጭን ሽቦዎች አንድ ባንድ እየነኩ ቢለኩ፣ 12ቱ ጭፍሮች እያንዳንዳቸው 3.8 ሲሰጡ ዘጠነኛው 1.2 ሆኖ ተገኘ፤ ሴሎቹን በሚያገናኘው ኒኬልም ላይ አመድ የመሰለ ነጭ ዝገት ተጋግሯል። የዝናብ ውሃ በሽፋኑ ስንጥቅ ሰርጎ ያን አንዱን ጭፍራ ወሩን ሙሉ ሲያንጠፈጥፈው ኖሯል። የእርሳሱም ባትሪ ምርመራ ከዚህ አይርቅም፤ ከአራቱ ባለ 12 ቮልት ሣጥኖች ሦስቱ 12.7 ሲሰጡ አንዱ 10.5 ቢሆን፣ በዚያ ሣጥን ውስጥ ካሉት ስድስት ሕዋሳት አንዱ ወድቋል ማለት ነው።

«ጋሼ፣ ዘበኛውን አልፈው ዳይሬክት ቢያደርጉልኝስ? ሥራ ፈትቼ ነው የዋልኩት» ሲል የለመነው ወጣት በእውነት የሚያሳዝን ነው፤ እንጀራው በዚያ ሣጥን ላይ ነውና። አዛውንቱ ግን አልተቀበሉትም፤ እኔም እውነት ከርሳቸው ጋር ነው እላለሁ። ከ2 ቮልት በታች ወርዶ የቆየ የሊቲየም ሕዋስ በውስጡ ያለው መዳብ እየሟሟ፣ እንደ ገና ሲሞላ ውስጥ ለውስጥ ተገናኝቶ እሳት ሊያስነሣ ይችላል፤ ያም ሣጥን ሌሊት የሚሞላው ብዙ ጊዜ ሰው በተኛበት ክፍል ውስጥ ነው።

ስለዚህ ዘጠነኛው ጭፍራ በሙሉ ወጣ፤ የሴሎቹም ጫፍ በናስትሮ ተጠቅልሎ አሸዋ ወዳለበት ጣሳ ገባ። በዐይነትም በመጠንም አቻ የሆኑ ሴሎች ተመርጠው፣ ከጎረቤቶቻቸው ጋር እስኪተካከሉ ለብቻቸው 3.8 ድረስ ተሞልተው፣ በአዲስ ኒኬል ተበየዱ፤ ስንጥቁም ተደፈነ። ቻርጀሩ ሲሰካ ቀይ አበራ፤ ዘበኛውም ነቅቶ ከመውጫው ላይ ቴስተሩ 49.4 አሳየ።