የእንሰት ቢላዋ ሲመረጥ

ሐዋሳ፤ በሐዋሳ ገበያ ቢላዋ የሚሸምት ገበሬ በቅድሚያ ስለቱን በአውራ ጣቱ ይሞክራል። ለእንሰት ማሳ ግን ስለት ብቻውን አይበቃም። በኢትዮጵያ መኖሩ እ.ኤ.አ. በ1968 የተገለጸው የእንሰት አጠውልግ በሽታ መድኃኒት የለውም፤ ባክቴሪያውን ከታመመው ተክል ወደ ጤነኛው ከሚያጓጉዙት መሣሪያዎች ዋነኛው ይኸው ቢላዋ ነው።

ታጣፊ ሰንጢ በማጠፊያው ውስጥ የተክሉን ጭማቂ ስለሚይዝ ለዚህ ሥራ አይሆንም። የሚበጀው የማይታጠፍ፣ ብረቱ እስከ እጀታው ጫፍ የዘለቀ፣ ከእጀታው ጋር ክፍተት የሌለው ቢላዋ ነው። ከመኪና ባሌስትራ የተቀጠቀጠ ከሆነ ስለቱ ይበረክታል። ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ከመታለፉ በፊት ጭማቂው ተጠርጎ ብረቱ በነበልባል ይለበለባል፤ እስኪቀላ ከቆየ ግን ስለቱ ይዶለዱማል።

ለጎረቤት ቢላዋ መንፈግ ነውር መሆኑ የታወቀ ነው። ስለዚህ የማኅበር መሪዎች በደቦ ቀን በማሳው ዳር እሳት እንዲነድና የተዋሰ ቢላዋ ሁሉ ሳይለበለብ አጥር እንዳያልፍ ቢያደርጉ፣ ዓመታት የተደከመበት እንሰት ይተርፋል።